ይዘን የለቀቅነው

ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። ታሪኩ ነበር። ተዋናይቷ ነበረች። ገንዘቡ ነበር። መንገዱ ተጠርጎ ነበር፤ በጉጉት የሚጠብቅ ተመልካችም አልጠፋም። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልግ ነበር? ምንም። ያም ሆኖ አመለጠን። ማንም አልነጠቀንም። በገዛ እጃችን ለቀቅነው።

ነገሩ «ጥቁሮቹ መነኮሳይያት» የተባለው የኮሪያ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025፣ ኮሪያውያን የጨረቃ አዲስ ዓመታቸውን ሊያከብሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው ሲኒማ ቤት ገባ። ዳይሬክተሩ ክዎን ህዮክ ጄ ነው። መሪ ተዋናይቷ ሶንግ ሄ ክዮ ናት፤ በ«ዘ ግሎሪ» ተከታታይ ድራማ ቂሟን ለዓመታት አርግዛ ስትበቀል ያየናት። ከ2014 ወዲህ በአገሯ ፊልም ላይ አልታየችም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ስትመለስ የምንኩስና ልብስ ለብሳ፣ ሲጋራዋን እያጨሰች፣ አፏ የመጣላትን እየተሳደበች፣ አጋንንት ልታወጣ መጣች። አጠገቧ ጄዮን ዮ ቢን አለች። ከጀርባቸው ደግሞ በ2015 የወጣውና ሕዝብ የወደደው «ጥቁሮቹ ካህናት» አለ፤ ይህ ፊልም ከዚያ የወጣ ቅርንጫፍ ነው። እንዲህ ያለ አጋጣሚ በየዓመቱ ይገኛል? አይገኝም። በአሥር ዓመት አንዴ ቢገኝ ነው።

ታሪኩን ደግሞ ስሙት። ሂ ጁን የተባለ ልጅ ርኩስ መንፈስ ይዞታል። መንፈሱን ለማስወጣት ፈቃድ ያላቸው ካህናት ሩቅ ናቸው፤ በቶሎ አይደርሱም። ልጁ ቀን በቀን እያለቀ ነው። ሲስተር ጁኒያ አለች። ትችላለች። ታውቃለች። አትፈራም። ግን ካህን አይደለችም። ልትሆንም አትችልም። ሴት ናት።

ፊልሙ እዚህ ላይ ነበር። ሌላ ምንም ባይጨመርበት በቂ ነበር።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ በዚህ ላይ አያወላዳም። ቀኖና ቁጥር 1172 እንደሚደነግገው ከአካባቢው ጳጳስ ልዩና ግልጽ ፈቃድ ያላገኘ ሰው በተያዘ ሰው ላይ ይህን ሥርዓት መፈጸም አይችልም። ፈቃዱም የሚሰጠው በመንፈሳዊነቱ፣ በዕውቀቱ፣ በአስተዋይነቱና በኑሮው ንጽሕና ለተመሰከረለት ካህን ብቻ ነው። ከ1614 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የጸሎት ሥርዓት በ1999 ሲታደስም ነገሩ አልተነካም። እንግዲህ በአንድ ወገን ሕጉ፣ በሌላ ወገን የሚሞት ልጅ፣ መካከል ላይ አንዲት መነኩሲት። ታዛ ልጁን ትተወው? ወይስ ሕጉን ጥሳ ትግባ? ካዳነችውስ፣ ያዳነችው ማን ሆና ነው? ይህን ጥያቄ በስንት ፊልም ላይ ሲጠየቅ ሰምተናል?

ግማሽ ምዕተ ዓመት ምን ስናይ ኖርን? በ1973 የዊልያም ፍሪድኪን «ዘ ኤክሶርሲስት» ከወጣ ጀምሮ አልጋው ላይ የምትታሰረው ሴት ልጅ ናት። ከአልጋው በላይ መስቀል ይዞ የሚቆመው ወንድ ነው። እሷ ትጮኻለች፤ እሱ ያዛል። እሷ ትሰድባለች፤ እሱ ይጸልያል። «ጥቁሮቹ ካህናት» ራሱ ከዚህ አልወጣም፤ የታሰረችው የትምህርት ቤት ልጅ ናት፣ የቆሙት ሁለት ወንዶች ናቸው። እዚህ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አልጋው ላይ ያለው ወንድ ልጅ ነው። ቆመው የሚያዙት ሁለት ሴቶች ናቸው። ርኩስ መንፈሱም ይህን ያውቀዋል፤ የጁኒያን ሴትነት እያነሣ ይሳለቅባታል። ልብ በሉ! ሰይጣኑና የሕጉ ጠባቂዎች ለሴቲቱ የሚነግሯት ነገር አንድ ሆነ፤ «አንቺ ማን ነሽና!» እንዲህ ያለ ነገር በእጁ የገባለት ደራሲ ሌላ ምን ይፈልጋል?

መግቢያው ላይ ደግሞ እንዴት ያለ ተስፋ ሰጥተውን ነበር! ጁኒያ ጠበሉን ይዛ ስትመጣ በብር ዕቃ አይደለም። በትንሽ ጠርሙስም አይደለም። ነዳጅ በሚቀዳበት የፕላስቲክ ጄሪካን ነው። ልክ እንደ ቀን ሠራተኛ አንጠልጥላ ትገባና በተያዘው ልጅ ላይ ትደፋዋለች። ያንን ያየ ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ዝም ይላል። ከእንጦጦ ማርያም ቢጫ ጄሪካን ተሸክማ የምትወርድ እናት የማያውቅ ማን አለ? በአንድ ዕቃ ብቻ ሴትዮዋን ነገሩን። ማዕረግ የላትም። የከበረ ዕቃ የላትም። ክንዷና ጄሪካኗ ግን አሏት። ቃል ሳይወጣት አወቅናት። አሠራር ማለት ይህ ነው። ይህን የሚያውቅ እጅ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ለምን እንዲህ አልያዘውም?

ከዚያ በኋላማ ሩጫ ሆነ። ሁለት ሰዓት በማይሞላ ፊልም ውስጥ ያልታጨቀ ነገር የለም። የጥንቆላ ካርድ አለ። ከበሮ አለ። የሚንተባተብ የጠንቋይ ደቀ መዝሙር አለ። 12 መልክ ያላቸው አጋንንት አሉ። ሆስፒታል አለ፣ ምስጢራዊ ማኅበር አለ፣ በሽታ አለ፣ የልጅነት ቁስል አለ። ሁሉም ብቅ ይላል፤ ሁሉም ይጠፋል። አንዱን ይዘን «እስቲ ቆይ!» ከማለታችን ሌላው ይመጣል። ማን ነው ያጣደፋቸው? ማን አባረራቸው?

አባ ፓውሎን እንመልከት። ካህን ነው፤ የአእምሮ ሐኪምም ነው። ልጁ የሚያስፈልገው ሕክምና ነው ብሎ ያምናል። ፊልሙ ይህን ሰው እንደ እንቅፋት ተጠቀመበት። እንዴት ያለ ብክነት ነው! የአባ ፓውሎ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት ነው? በ1976 በጀርመን አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጳጳስ ፈቅዶ፣ ሁለት ካህናት ለወራት ሲጸልዩላት ቆይተው በረሃብ አልቃ ሞታለች። ፍርድ ቤት ካህናቱንም ወላጆቿንም ጥፋተኛ ብሏቸዋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ፈቃድ ነበረ፤ ሕጉም ተከብሮ ነበር። ልጅቷ ግን ሞተች። አባ ፓውሎ ይህን የሚያውቅ ሰው ሆኖ ቢናገርስ? ጁኒያ መልስ ቢቸግራትስ? እኛም ተቀምጠን ማን ልክ እንደሆነ ግራ ቢገባንስ? ፍርሃት እኮ ከዚያ ነው የሚመጣው። ከሚጮኽ ድምፅ አይደለም። ከሚፈነዳ መስታወት አይደለም። እውነቱ ከሁለት በኩል ሲጎትተን ነው የምንፈራው። ክርክሩ ብልጭ አለ፤ ወዲያው ጠፋ። እዚያው ከእጃችን ሾለከ።

ሲስተር ሚካኤላስ? እሷኮ የፊልሙ ልብ መሆን ነበረባት። ሐኪም ናት፤ የአባ ፓውሎ ተማሪ ናት። ለሰው የማይታየውንም ታያለች፤ ይህንን ደብቃ ነው የምትኖረው። በቀን ነጭ ጋውን ለብሳ «የለም» ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ካርዷን ዘርግታ «አለ» ትላለች። በአንድ ሰው ደረት ውስጥ ሁለት ዓለም! ይህች ሴት ጁኒያን ተከትላ ወደ ልጁ ክፍል ለመግባት ስንት ሌሊት ሳትተኛ ማደር ነበረባት? ምን ያህል መታገል፣ ምን ያህል ሸሽታ መመለስ ነበረባት? ፊልሙ ግን እጇን ይዞ አስገባት። ጄዮን ዮ ቢን በዓይኗ ብቻ የምትችለውን ያህል ሠራች፤ ጊዜ ግን አልሰጧትም። ተዋናይ በዝምታ የሚሠራውን ሥራ የሙዚቃ ጩኸት ሸፈነው። አያስቆጭም?

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ኮሪያ ራሷ ነበረች፤ አልፈዋት ሄዱ።

ጁኒያ እርዳታ ፍለጋ የምትሄድባት ሴት አለች። ቀድሞ አብራት መነኩሲት የነበረች፣ አሁን ሙዳንግ የሆነች። ሙዳንግ ማለት መንፈስ ወርዶባት በከበሮና በጭፈራ ሥርዓት የምታቆም ጠንቋይ ናት፤ በኮሪያ ይህን ሥራ በአብዛኛው የያዙት ሴቶች ናቸው። በጆሶን ነገሥታት ዘመን የአባቶች አምልኮ በወንዶች እጅ ነበር፤ ሊቃውንቱ ወንዶች፣ ሹሞቹ ወንዶች። ሙዳንግ የተናቀች ነበረች፤ ከመናፍስት ጋር መነጋገር ግን የእሷ ሥልጣን ነበር። ሹሞቹ በቀን ይከለክሏታል፤ ልጃቸው ሲታመም ግን ደጃቸውን ትረግጣለች። አንዲት መነኩሲት የቤተ ክርስቲያኗ በር ሲዘጋባት የሙዳንግን ደጅ ስታንኳኳ ይህ ሁሉ የሴቶች ታሪክ አብሯት ያንኳኳል። ሁለቱ ሴቶች ቁጭ ብለው ቢያወሩስ? «አንቺ ለምን ወጣሽ? እኔስ ለምን ቀረሁ?» ቢባባሉስ? አንድ ሙሉ ፊልም ነበር በዚያች ክፍል ውስጥ! ፊልሙ ግን ሰላምታ ተሰጣጥቶ የሚያልፍ መንገደኛ ሆነ።

የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን ታሪክስ ቢሆን? በዓለም ላይ ሚስዮናዊ ሳይገባባት በምእመናን የተጀመረች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በ1784 ዪ ሱንግ ሁን ቤይጂንግ ሄዶ ተጠምቆ ከተመለሰ ጀምሮ። ከዓመታት በኋላ ጁ ሙን ሞ የተባለ ቻይናዊ ካህን ተደብቆ ሲገባ የሸሸገው ማን ነው? ካንግ ዋን ሱክ የተባለች ሴት። ስድስት ዓመት ያህል በቤቷ ደበቀችው፤ የባላባት ሴት ጓዳ ገብቶ መፈተሽ ለሹም ነውር ስለነበር። ታስተምር ነበር። ሴቶችን ትሰበስብ ነበር። በ1801 አንገቷ ተቀላ። በ2014 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ሴኡል ድረስ ሄደው ብፅዕት ካሏቸው 124 ሰማዕታት አንዷ ናት። ክህነት አልነበራትም፤ ካህኑ ግን በእሷ ጓዳ ነው በሕይወት የቆየው። ጁኒያ የማን ልጅ እንደሆነች አሁን አልገባችሁም? አንድ ሥዕል ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ አንድ ስም ቢጠራ፣ አንዲት አሮጊት መነኩሲት በሁለት ዐረፍተ ነገር ብታስታውስ ምን ነበረበት? ምን ይጎድል ነበር? ጁኒያ ከየትም የመጣች አመፀኛ መሆኗ ይቀርና የሁለት መቶ ዓመት አደራ የተሸከመች ሴት ትሆን ነበር። ይህንን ከእጃቸው ጣሉት።

ይህ ሁሉ ምኞት ነው፣ ሊሆን አይችልም የሚል ይኖራል። ሆኖ አይተነዋል! በ2015 ጃንግ ጄ ህዩን በ«ጥቁሮቹ ካህናት» አድርጎታል፤ ያውም በመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ። ያ ሰው ሚዮንግዶንግ የተባለውን የሴኡል የገበያ ሰፈር ወሰደ፤ ከሱቆቹ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ካህናትንና አንዲት ልጅን ዘጋ። ታች መንገዱ ላይ ሰው ገዝቶ ይገባል፣ ይስቃል፤ ላይ ሲኦል ተከፍቷል። የጨው መስመር፣ የደወል ድምፅ፣ አንድ የአሳማ ግልገል። ሁሉን ነገር አንድ በአንድ አሳየን፤ ለምን እንደሆነም አስረዳን። ወጣቱ ዲያቆን ልጅ ሳለ ውሻ እህቱን ሲገድልበት ሸሽቶ ነበር፤ አሁንም ከዚያ ክፍል ሸሽቶ ወጣ። ቆመ። ተመለሰ። ያ መመለስ ነው ፊልሙን ያቆመው። መንፈሱ የገባበትን ግልገል ታቅፎ ከተማውን አቋርጦ ወደ ሃን ወንዝ ሲሮጥ አብረነው ሮጥን፤ የሚሮጥበትን ምክንያት እናውቅ ነበርና። ፓርክ ሶ ዳም ፀጉሯን ተላጭታ የተያዘችውን ልጅ ስትሆን ገና ያልታወቀች ተዋናይት ነበረች። ኮከብ አልነበረችም፤ ጊዜ ግን ተሰጥቷታል።

እንግዲህ ቁጥሩን እንቁጠር። «ጥቁሮቹ ካህናት»ን ኮሪያ ውስጥ ከ5.4 ሚሊዮን በላይ ሰው ገብቶ አይቶታል። ያው ጃንግ ጄ ህዩን በ2024 «ኤክስሁማ»ን ሲያወጣ ከ11.9 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ገባ። ኪም ጎ ኡን ሙዳንግ ሆና ቢላዋ ይዛ የምታቆመውን ሥርዓት ለማየት! የና ሆንግ ጂን «ዘ ዌይሊንግ» በ2016 ከ6.8 ሚሊዮን በላይ አስገብቷል። «ጥቁሮቹ መነኮሳይያት»ስ? ከ1.6 ሚሊዮን ብዙም አልዘለለም። ከሰረ ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሕዝቡ ጠፋ የሚል ካለ ይመልስልን፤ ለሙዳንግ ከተሰለፈ አንድ ዓመት ያልሞላው ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ? ሞተ? ተሰደደ? አልሄደም። የሚይዘው ነገር ስላላገኘ ነው የቀረው።

ፍጻሜውም እንደዚያው ነው፤ ለማንሳት እንኳ ያማል። ጁኒያ የማህፀን ካንሰር አለባት። መንፈሱን ከልጁ አውጥታ ወደ ገዛ ማህፀኗ ታስገባውና ራሷን በእሳት ታቃጥላለች። ምን ያህል ከባድ ነገር ነው! ሲሳለቁባት በኖሩበት በሴትነቷ ሰይጣኑን ማሰር! የተናቀችበት ነገር ወህኒ ቤቱ ሲሆን! ይህን የመሰለ ፍጻሜ የሚጽፍ ሰው ምን እንደያዘ ያውቃል። ታዲያ መንገዱን ለምን አላዘጋጀም? ሰውነቷን ቀደም ብሎ ለምን አላሳየንም? ሕመሙን፣ ሐኪሙን፣ ሌሊቱን፣ ብቻዋን የምትጸልየውን ለምን አሳጠረው? እሳቱ ሲነሣ ማልቀስ ነበረብን። እኛ ግን የእሳቱን አሠራር እያየን ተቀመጥን። መሥዋዕት ያለ ዝግጅት ትርኢት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሠሪዎቹን ብቻ ወቅሰን ማምለጥ የለም። እኛስ?

እኛ የሶንግ ሄ ክዮን ፊት ለማየት ነው የገባነው። ፊቷን አየን፤ ረክተን ወጣን። ማንን ጠየቅን? ምን ጠየቅን? «አላስፈራኝም» ብለን ትከሻችንን ነቅንቀን ሄድን። ፊልሙ ያነሣውን ጥያቄ ለምን እንደጣለው የጠየቀ ስንት ነው? ሠሪው እኮ የሚሰማን እኛን ነው። ድንጋጤ ጠየቅነው፤ ድንጋጤ ሰጠን። ጩኸት ስንወድ አየ፤ ጩኸት ጨመረ። የተናደድነው ዘግይተን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ከማንም የበለጠ ማፈር ነበረብን። ለሌላው ዓለም ይህ ነገር ተረት ነው። ለእኛ የሰፈር ጉዳይ ነው። ጠበል ቦታ ያደግን ሰዎች ነን። «ማነህ? የት ያዝካት? ልቀቅ!» ሲባል በጆሯችን ሰምተናል። የተያዘው ሰው ሲለፈልፍ፣ ሲጮኽ፣ ከዚያም እንደ ሕፃን ተዝለፍልፎ ሲተኛ አይተናል። መስቀል ይዞ የሚያዘው ካህኑ ነው፤ እሺ። የተያዘችውን እጇን ይዛ የምታድረው ግን ማን ናት? ከጭቃው የምታነሣት፣ ነጠላ የምታለብሳት፣ ቆሎና ዳቦ የምታቀምሳት፣ ሰባት ቀን፣ ሁለት ሱባኤ አብራት የምትቀመጠው ማን ናት? እናት ናት። እህት ናት። ያች ስሟን የማንጠይቃት እማሆይ ናት። ጁኒያን እኛ እናውቃታለን! እኛ ልናስረዳላት ይገባ ነበር!

ይህም ብቻ አይደለም። በ«ጥቁሮቹ ካህናት»ና በ«ጥቁሮቹ መነኮሳይያት» ውስጥ የሚጠሩት አጋንንት ማርባስና ጋሚጊን ናቸው። ስማቸው የመጣው ለንጉሥ ሰሎሞን ከሚሰጥ የአውሮፓ የአስማት መጽሐፍ ነው፤ 72 አጋንንት በተራ በተዘረዘሩበት። የሰሎሞንን ስም ስንሰማ መንቃት አልነበረብንም? ሰሎሞን አጋንንትን እንዴት እንዳጠመደ የሚናገረው መርበብተ ሰሎሞን በእኛ ብራና ላይ ለዘመናት ሲጻፍ የኖረ ነው። ሕፃናት ገዳይዋን ወርዝልያን የሚያባርረው ጸሎተ ሱስንዮስ በወላድ አንገት ላይ ሲታሰር የኖረው በእኛ አገር ነው። የክፉ መንፈስን ስም ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም መጥቶ ሊያስተምረን አይገባም ነበር። ጁኒያ ስሙን ለማውጣት ስትታገል ያ ትግል ስሜት አልባ ሆኖ ሲያልፍ፣ «ኧረ ተዉ፣ ይህ እንዲህ አይታለፍም!» ማለት የነበረብን እኛ ነን። አልን? አላልንም። በስልካችን አየነው፤ እያየን ሌላ ነገር ስንነካካ ነበር። የምናውቀውን ነገር እንደማናውቅ ሆነን አየነው።

«አስፈሪ ፊልም ነው፣ ምን ያህል ይጠበቅበታል?» የሚለውን ሰበብ ደግሞ አትንገሩን። በዚህ ሰበብ ነው ሁሉም ነገር የሚበላሸው። አስፈሪ ፊልም ሰው በጨለማ ተቀምጦ ሞቱን የሚያስብበት ነው። ተስፋ፣ ኃጢአት፣ ሥልጣን፣ ሰውነት፣ ሁሉም የሚነሣበት ነው። ከዚህ የበለጠ ከባድ ነገር የቱ ነው? «ገንዘብ አጠረ» የሚልም አይምጣ። ሁለት ሴቶችን ወንበር ላይ አስቀምጦ ማነጋገር ስንት ያስወጣል? አንዲት መነኩሲት ከደጅ ቆማ ልግባ አልግባ ስትል ካሜራውን ለሁለት ደቂቃ ማቆየት ምን ወጪ አለው? ውድ የሆነው እሳቱ ነው፤ መስታወቱ ነው፤ ጩኸቱ ነው። የተጣለው ነገር ሁሉ ርካሽ ነበር። በነጻ ነበር! ለዚህ ነው አንጀት የሚያሳርረው።

ያ ዕድል አይመለስም። ሶንግ ሄ ክዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ልብስ የምትለብስበት ቀን አልፏል። መነኮሳይያት አጋንንት ሲያወጡ የሚያሳየው «የመጀመሪያው የኮሪያ ፊልም» የሚለው ማዕረግ ተሰጥቷል፤ ሁለተኛ አይሰጥም። ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ጋር እየተወዳደረ፣ በዚህ ድክመት እየተጠረጠረ ነው የሚመጣው። «መነኮሳይያት? አይተነዋል» ይባላል። አላየነውም! ስሙን ብቻ ነው ያየነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ፊልሙ ሲያበቃ ሲስተር ሚካኤላን በሕይወት ትቷታል፤ የ2015ቱን ዲያቆን የሠራው ካንግ ዶንግ ዎንም ካህን ሆኖ ብቅ ብሏል። በሩ ገርበብ ብሎ ነው የተተወው። ሦስተኛ ፊልም ቢመጣ አሁን እንዳደረግነው እናድርግ? ፊት አይተን እንውጣ? እንዲህ ከሆነ ተመሳሳዩ ይሰጠናል፤ ይገባናልም። እናንተ አንባቢዎች፣ በተለይ ጠበል ቦታ ያደጋችሁ፣ ቀጣዩን ስታዩ ስልኩን አስቀምጡት። አላስፈራኝም ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ያቺ ሴት ለምን እንደተከለከለች፣ ለምን ግን እንደገባች መልሱን ጠይቁ። ካልተመለሰላችሁ በግልጽ ተናገሩ። ጥያቄው በ2025 ተጣለ፤ የጣልነውም አብረን ነው። የሚያነሣውም ካለ እኛው ነን።